ከአረንጓዴው ጨርቅ በታች፦ ከጋሪ ሠሪነት ተነሥቶ የጨዋታ ጠረጴዛ ያነገሠው ጆን ሞሰስ ብራንስዊክ

በከተሞቻችን መንገድ ዳር ካሉት የፑልና የከረንቡላ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው አስቀድሞ የሚያየው አረንጓዴውን ጨርቅ ነው። ቀጥሎ ባለቀለሞቹ ኳሶች፣ ከዚያም የተጫዋቾቹ እጅና ዱላ ዓይኑን ይስባሉ። ጎንበስ ብሎ ከጨርቁ በታች ያለውን የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ይሁንና የጠረጴዛው ዋጋና ዕድሜ፣ የጨዋታውም ፍትሐዊነት የሚወሰነው ዓይን በማያየው በዚያ ክፍል ነው። ከታች ያለው በሚገባ የተስተካከለ ድንጋይ ከሆነ ኳሷ በተላከችበት መሥመር ትሄዳለች። ከታች ያለው እርጥበት የሚያጎብጠው እንጨት ከሆነ ደግሞ ጎበዝ ተጫዋች ተሸንፎ ሰነፉ ሊያሸንፍ ይችላል።

በዓለም ዙሪያ በብዙ የጨዋታ ጠረጴዛዎች ላይ ተጽፎ የሚገኝ አንድ ስም አለ፤ ብራንስዊክ ይባላል። ስሙ የአንድ ስደተኛ የእጅ ባለሙያ ነው። ጆን ሞሰስ ብራንስዊክ በሥጋ ቤት ተላላኪነት ጀምሮ፣ የጋሪ ሥራ ተምሮ፣ በወንዝ ጀልባ ላይ አስተናጋጅ ሆኖ አገልግሎ፣ በመጨረሻም በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ የጨዋታ ጠረጴዛ አምራቾች አንዱ ለመሆን በቅቷል። የሕይወቱ ታሪክ በማይታየው ክፍል ላይ የማይቀልድ ሠራተኛ እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል ያሳያል። በዚህ ታሪክ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብራንስዊክ በ1819 በስዊዘርላንድ፣ አርጋው በተባለው ግዛት በምትገኝ ብሬምጋርተን በምትባል ትንሽ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በዚያ ዘመን በስዊዘርላንድ ይኖሩ የነበሩ አይሁዳውያን እንደሌላው ዜጋ ሙሉ መብት አልነበራቸውም፤ ለእነርሱ የመኖሪያውም ሆነ የሥራው በር ጠባብ ነበር። ብዙ ወጣቶች እንዳደረጉት ሁሉ ብራንስዊክም ተስፋውን ከውቅያኖስ ማዶ አየ። በ1834፣ ዕድሜው አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሳለ፣ በመርከብ ተሳፍሮ ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

ኒው ዮርክ የደረሰው ልጅ ሀብትም ሙያም አልነበረውም። መጀመሪያ ያገኘው ሥራ በአንድ ጀርመናዊ ሥጋ ሻጭ ቤት መላላክ ነበር። ትእዛዝ ማድረስ፣ ዕቃ መሸከምና ደንበኛ ማስተናገድ የዕለት እንጀራ ቢያስገኝም ለነገ የሚሆን ስንቅ አይሆንም። ልጁም ይህን የተረዳ ይመስላል። ብዙ ሳይቆይ ወደ ፊላደልፊያ ከተማ ሄዶ በአንድ የሠረገላና የጋሪ መሥሪያ ቤት ለተማሪነት ገባ፤ ሙያውንም አራት ዓመት ተማረ።

እነዚህ አራት ዓመታት ለኋለኛው ሕይወቱ መሠረት ሆነዋል። የጋሪ ሥራ ከእንጨት ሥራዎች ሁሉ ከባዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቁም ሣጥን ከቆመበት አይንቀሳቀስም፤ ጋሪ ግን ጭነት ተሸክሞ በድንጋይና በጉድጓድ ላይ ሲንገጫገጭ ይውላል። መንኮራኩሩ በፀሐይ ይደርቃል፣ በዝናብ ይረጥባል፣ በብርድ ይኮማተራል። መጋጠሚያው በጥቂቱ ከላላ መንገድ ላይ ይበታተናል። ስለዚህ የጋሪ ሠሪ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው እንጨትን ማወቅ ነው፤ የትኛው ሸክም እንደሚችል፣ የትኛው እንደሚተጣጠፍ፣ የትኛውስ ሳይደርቅ ከተሠራ በኋላ እንደሚከዳ መለየት አለበት።

ይህ ዕውቀት ለገበሬ እንግዳ አይደለም። ለሞፈርና ለቀንበር የሚሆን እንጨት እንዴት እንደሚመረጥ የሚያውቅ ሰው፣ ርጥብ ባሕር ዛፍ በር ሆኖ ከተሠራ በኋላ እንዴት እንደሚጣመም ያየ ሰው፣ በክረምት ያበጠ መዝጊያ በበጋ ተመልሶ እንደሚላላ የታዘበ ሰው የወጣቱን ብራንስዊክ ትምህርት በቀላሉ ይረዳዋል። እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ከአየሩ ጋር ውኃ ሲሰጥና ሲቀበል ይኖራል። ጎበዝ ባለሙያ ይህን ጠባይ አውቆ አስቀድሞ ይዘጋጅበታል።

በ1839 ብራንስዊክ ትምህርቱን ጨርሶ ሃሪስበርግ ወደተባለችው የፔንሲልቬንያ ከተማ ሄደ። እዚያ በጋሪ ሠሪነት ተቀጠረ፤ ሉዊዛ ግራይነር የተባለች ወጣትም አገባ። ብዙም ሳይቆይ ባልና ሚስቱ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ምዕራብ፣ በኦሃዮ ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ሲንሲናቲ አቀኑ።

ሲንሲናቲ በዚያን ጊዜ እንደ ጎርፍ የምታድግ ከተማ ነበረች። በ1840 የነዋሪዎቿ ቁጥር 46 ሺህ ገደማ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ከ115 ሺህ በላይ ሆነ። ገበሬዎች እህላቸውንና ከብታቸውን ወደዚያ ይነዱ ነበር፤ በእንፋሎት የሚሠሩ ጀልባዎች ጭነቱን ተቀብለው በወንዙ ቁልቁል ያወርዱታል። ጀርመንኛ ተናጋሪ ስደተኞች ብዙ ስለነበሩ ለብራንስዊክ ቋንቋውም ልማዱም ባዳ አልሆነበትም። በዙሪያዋ ጠንካራ እንጨት የሚሰጥ ሰፊ ደን ነበር። ለጋሪ ሠሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ዳሩ ግን ጊዜው ክፉ ሆነ። በ1837 የጀመረው የአሜሪካ የገንዘብ ቀውስ ጠባሳው ገና አልሻረም ነበር፤ ባንኮች ተዘግተዋል፣ ንግድ ቀዝቅዟል፤ አዲስ ጋሪ የሚያሠራም ጠፍቷል። ወጣቱ ባለሙያ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። መጋዙንና መላጊያውን አስቀምጦ በኦሃዮ ወንዝ ላይ በሚመላለስ የእንፋሎት ጀልባ በአስተናጋጅነት ተቀጠረ። በወንዙ ላይ ሲመላለስም የየከተማውን ገበያ አጠና፤ የትኛው ዕቃ የት እንደሚረክስና የት እንደሚወደድ አወቀ። ከአስተናጋጅነት ወደ ንግድ ተሸጋግሮ ጥቂት ገንዘብ ያዘ።

ገንዘቡን መቋጠር በጀመረበት ወቅት ታመመ፤ ለወራትም ከአልጋ ሳይነሣ ቆየ። በእጁ ሥራ ለሚኖር፣ የቤተሰብ ኃላፊ ለሆነ ስደተኛ ይህ ቀላል ፈተና አልነበረም። ባይድን ኖሮ ስሙ ከሲንሲናቲ ወሰን አያልፍም ነበር። ሆኖም ዳነ። ከሕመሙ ሲነሣም ወደ ወንዙ ንግድ አልተመለሰም። ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ወደ ተማረው ሙያ ተመለሰ፤ በ1845 በሲንሲናቲ የራሱን የእንጨት ሥራ ቤት ከፈተ።

ሥራው ጋሪ በመሥራት ጀመረ። ኢኮኖሚው እያገገመ ሲሄድ ደንበኞቹ ሌላም ነገር ያዝዙት ጀመር፤ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ቁም ሣጥን። የእጁን ጥራት ያዩ የከተማዋ ባለጸጎች ወደ እርሱ መምጣት አበዙ። እንደሚተረከው አንድ ቀን በአንድ ባለጸጋ ቤት ራት ተጋብዞ ሳለ ጋባዡ ወደ ሌላ ክፍል ወስዶ ከእንግሊዝ ያስመጣውን የቢሊያርድ ጠረጴዛ ያሳየዋል። ሌላው እንግዳ ጨዋታውን ሲያደንቅ የጋሪ ሠሪው ዓይን ግን እግሮቹን፣ ማዕዘኖቹንና መጋጠሚያዎቹን እንደቃኘ መገመት አያዳግትም። ይህን የመሰለ ጠረጴዛ ውቅያኖስ አሻግሮ ማምጣት ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ በሲንሲናቲ ደግሞ እንጨቱም ባለሙያውም ነበር። በዚያው በ1845 የብራንስዊክ ሥራ ቤት የመጀመሪያውን የቢሊያርድ ጠረጴዛ ሠርቶ አወጣ።

ውሳኔው ድፍረት የሚጠይቅ ነበር። ጋሪ ሁልጊዜ ፈላጊ አለው፤ የጨዋታ ጠረጴዛ ግን የጥቂቶች ቅንጦት ነበር። በዚያ ላይ ሥራው ከወንበርና ከቁም ሣጥን የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የምግብ ጠረጴዛ ወደ አንድ ወገን በጥቂቱ ቢያዘነብል የሚከፋ ሰው የለም። የቢሊያርድ ጠረጴዛ በወረቀት ውፍረት ያህል ቢያዘነብል ግን በዝግታ የምትሄደው ኳስ ታጋልጠዋለች። ኳሷ አታዳላም፤ የባለሙያውን ስሕተት በአደባባይ ታሳያለች።

የጠረጴዛ ሠሪዎች ሁሉ ትልቁ ጭንቀት ከጨርቁ በታች ያለው ወለል ነበር። ለረጅም ዘመን ወለሉ የሚሠራው ከእንጨት ሳንቃ ነው። ሳንቃው የቱንም ያህል ቢደርቅና ቢላግ፣ ወቅቱ ሲለዋወጥ እየጎበጠና እየተሰነጠቀ ያስቸግር ነበር። መፍትሔው የተገኘው በለንደን ነው። ጆን ተርስተን የተባለ እውቅ የጠረጴዛ ሠሪ በ1826 ከእንጨት ፈንታ ስሌይት የተባለውን ድንጋይ ወለል አድርጎ መጠቀም ጀመረ። አዲሱ ወለል በቀጣዮቹ ዓመታት በእንግሊዝ ተስፋፋ፤ የእንጨቱንም ቦታ እየወሰደ ሄደ።

ስሌይት ከጥንት ጭቃ የተገኘ ድንጋይ ነው። በባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ደቃቅ ጭቃ ረጅም ዘመን በከርሠ ምድር ግፊትና ሙቀት ታሽቶ ወደ ጥቁር ግራጫ ድንጋይነት ይለወጣል። ልዩ ጠባዩ እንደ መጽሐፍ ቅጠል በገጽ በገጹ መፈለጡ ነው። በዚህ ምክንያት በአውሮፓና በአሜሪካ ለቤት ጣሪያና ለትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ሲያገለግል ኖሯል። ውኃ እምብዛም አይጠጣም፤ በክረምት አያብጥም፣ በበጋም አይጎብጥም። ከተላገ በኋላ እንደተስተካከለ ይኖራል። ክብደቱም ራሱን የቻለ በጎነት አለው፤ ተጫዋች ቢደገፈውም ጠረጴዛው ከቦታው አይነቃነቅም።

ድንጋዩ ግን የእንጨት ሠሪውን ሥራ አላቀለለም፤ እንዲያውም አከበደው። ትልቅ ጠረጴዛ የሚሸከመው ድንጋይ ብቻውን ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ይህን ሸክም ዓመታት ሙሉ ሳይሰምጥ የሚይዘው ከሥር ያለው የእንጨት አካል ነው። የጋሪ ሠሪነት ትምህርት ዋጋ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከባድ ጭነት የሚሸከም አካል መሥራት፣ ሸክሙን ለእግሮቹ እኩል ማከፋፈልና መጋጠሚያውን ማጥበቅ ለብራንስዊክ ከልጅነቱ የተማረው ሥራ ነበር። በኋለኞቹ ዐሥርት ዓመታት ከኩባንያው የወጡት ዝነኛ ጠረጴዛዎች፣ በአንበሳ ቅርጽ ከተሠሩ የብረት እግሮች ላይ የቆመውን ሞናርክ የተባለውን ጨምሮ፣ በድንጋይ ወለል ላይ የተሠሩ ነበሩ።

ሁለተኛው የዘመኑ ለውጥ የጠርዙ ጎማ ነው። ኳሷን መልሶ የሚወረውረው የጠረጴዛው ጠርዝ ቀድሞ የሚሞላው በጨርቅና በመሳሰለው ነበር፤ ኳሷም ስትመታው ተዳክማ ትመለሳለች። ተራ ጎማ ሲሞከር ደግሞ በብርድ ወራት እንደ ድንጋይ ይጠጥር ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድየር ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ በማዋሐድ ብርድና ሙቀት የማይበግረው እንዲሆን የሚያደርግበትን ዘዴ አግኝቶ በ1844 የፈጠራ መብት ወሰደበት። ብራንስዊክ ሥራውን የከፈተው ከዚህ አንድ ዓመት በኋላ ነው። የድንጋይ ወለልና የማይጠጥር ጎማ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ተገናኙ፤ የዛሬው ጠረጴዛ መሠረትም ያን ጊዜ ተጣለ።

የብራንስዊክ ሥራ ከሲንሲናቲ ወሰን ለመውጣት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። በ1848 ወንድሞቹን ወደ ቺካጎ ልኮ በዚያ ሥራ እንዲጀምሩ አደረገ። ጊዜው በሚገባ የተመረጠ ነበር። በዚያው ዓመት ቺካጎን ከሚሲሲፒ ወንዝ መሥመር ጋር የሚያገናኘው የውኃ ቦይ ተከፈተ፤ የከተማዋ የመጀመሪያ ባቡርም መንቀሳቀስ ጀመረ። እንደ ድንጋይ ወለል ያለ ከባድ ዕቃ በፈረስ ጋሪ ሩቅ መሄድ ያስቸግረዋል፤ በጀልባና በባቡር ግን በርካሽ ይጓጓዛል። የወንዙን ንግድ በአስተናጋጅነት ዘመኑ ያጠናው ሰው የትራንስፖርትን ዋጋ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ከዚያም በሴንት ሉዊስና በኒው ኦርሊንስ ተጨማሪ ቅርንጫፎች ተከፈቱ። የወንድማማቾቹ ድርጅት በአሜሪካ ምዕራብ ስሙ ገነነ።

ገበያው ግን ለእርሱ ብቻ የተተወ አልነበረም። እዚያው ሲንሲናቲ ውስጥ ጁሊየስ ባልኬ የተባለ ሌላ ጠረጴዛ ሠሪ ተነሣ። በኒው ዮርክ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ስም ያለው ተቀናቃኝ ነበር፤ በአየርላንድ የተወለደው ማይክል ፌላን። ፌላን ጠረጴዛ ሠሪ ብቻ ሳይሆን ዝነኛ ተጫዋችም ነበር። በ1859 በዲትሮይት ከተማ 15 ሺህ ዶላር በተያዘበት ታላቅ ግጥሚያ ጆን ሲራይተርን አሸንፏል። የጠርዝ ጎማን ያሻሻለበት የፈጠራ መብትም ነበረው። ከአማቹ ከሂዩ ኮለንደር ጋር ያቋቋመው ኩባንያ የምሥራቁን ገበያ ያዘ።

የጨዋታው መስፋፋት ሌላ ጉዳት ይዞ መጣ። በዚያ ዘመን ጥሩ ኳስ የሚሠራው ከዝሆን ጥርስ ነበር፤ ከአንድ ጥርስ የሚወጡት ምርጥ ኳሶችም ጥቂት ናቸው። በአሜሪካ ሳሎኖች የሚንከባለለው ኳስ በአፍሪካና በእስያ የዝሆን ሕይወት ይጠይቅ ነበር። የጥርሱ ዋጋ እየናረ ሲሄድ የፌላንና የኮለንደር ኩባንያ በ1860ዎቹ የዝሆን ጥርስን የሚተካ ነገር ለሚያገኝ 10 ሺህ ዶላር ሽልማት አቀረበ። ይህ ጥሪ ጆን ዌስሊ ሃያት የተባለውን ወጣት የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ለምርምር አነሣሣው፤ ሥራውም ወደ ሴሉሎይድ አመራ፤ ለፕላስቲክ ዘመንም በር ከፈተ። ብራንስዊክን ያበለጸገው ጨዋታ በማይታየው በኩል ይህን የመሰለ ዕዳም እንደነበረበት ታሪክ ሲያስታውስ ይኖራል።

ሦስት ታላላቅ አምራቾች በአንድ ገበያ ሲፎካከሩ ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው ዋጋ እየሰበሩ መጠፋፋት፣ ሁለተኛው መተባበር ነው። ብራንስዊክ ሁለተኛውን መረጠ። በ1873 ከከተማው ተቀናቃኝ ከባልኬ ጋር ተዋሐደ። ፌላን በ1871 ከሞተ በኋላ ኩባንያውን የያዘው ኮለንደርም ቆይቶ ተቀላቀለ፤ የሦስቱን ስም የያዘ ብራንስዊክ ባልኬ ኮለንደር የተባለ ድርጅት ተመሠረተ። አዲሱ ድርጅት በዘመኑ በዓለም ከነበሩት የቢሊያርድ ዕቃ አምራቾች መካከል ግንባር ቀደሙ ነበር።

ጆን ሞሰስ ብራንስዊክ በ1886 አረፈ። ባዶ እጁን ከመርከብ ከወረደበት ቀን ጀምሮ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተቆጥሮ ነበር። ከእርሱ በኋላ ኮለንደር ድርጅቱን መራ፤ ቀጥሎም የብራንስዊክ አማች ሞሰስ ቤንሲንገር ኃላፊነቱን ተረክቦ ሥራውን ወደ ቦውሊንግ ጨዋታ ዕቃዎች አሰፋው። መሥራቹ ካለፈ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ቢሆንም ስሙ ዛሬም ከጨዋታ ጠረጴዛ ጋር ተያይዞ ይጠራል።

የዚህ ሰው ታሪክ ዛሬ ለመኖሪያ ቤቱ መዝናኛ ክፍል፣ አለዚያም ለአነስተኛ ንግዱ ጠረጴዛ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ይጠቅማል። ጠረጴዛ ብዙ ገንዘብ የሚፈስበት ዕቃ ነው፤ ተበድሮ የሚገዛው ወጣትም ይኖራል። ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ የሆነ ዕቃ የገዛ ሰው ጉዳቱ የሚገባው ክረምት ሲገባ ነው። ስለዚህ ምርጫው እንደ ጋሪ ሠሪው ከሥር ወደ ላይ ቢሆን ይመረጣል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው የወለሉ ዓይነት ነው። በርካሽ የሚሸጡ ጠረጴዛዎች ወለላቸው ብዙ ጊዜ ከታመቀ የእንጨት ብናኝ፣ ኤምዲኤፍ ከሚባለው የተሠራ ነው። ይህ ሲገዛ ለጥ ያለ ቢሆንም እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ አብጦም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ድንጋይ መሆኑን ለማረጋገጥ ኳስ በሚገባበት ቀዳዳ በኩል የወለሉን ጠርዝ ማየት ይበቃል፤ ከጨርቁ ሥር የድንጋዩ ግራጫ ጠርዝ ይታያል። ውፍረቱም አብሮ ይለካ። ለጥሩ ጠረጴዛ 2 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ድንጋይ ይመረጣል፤ የቀጠነው ይረክሳል፣ ነገር ግን ቶሎ ይለምጣል።

ትልልቅ ጠረጴዛዎች ድንጋያቸው ብዙ ጊዜ በሦስት ቁራጭ የተከፈለ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ለመሸከምም ለማስተካከልም ይመቻል። ሦስቱ ቁራጮች እያንዳንዳቸው በውኃ ልክ ይስተካከላሉ፤ ዝቅ ያለው ወገን በቀጭን ሽብልቅ ከፍ ይላል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በቀለጠ የንብ ሰም ወይም በመሰል ነገር ይሞላል። ከዚያ በኋላ ብቻ ጨርቁ ይወጠራል። ስለዚህ ሻጩ ገጣጣሚ ባለሙያ ይልክ እንደሆነ ከክፍያ በፊት መስማማት ብልኅነት ነው። በሚገባ ያልተገጠመ ምርጥ ድንጋይ በሚገባ ከተገጠመ መካከለኛ ድንጋይ ያንሳል።

ቀጥሎ የሚታየው ድንጋዩን የሚሸከመው አካል ነው። ከሥር ያሉት አግዳሚዎች ከደረቅ ጠንካራ እንጨት የተሠሩ፣ መጋጠሚያቸው በብሎን የጠበቀ ይሁን። ጠረጴዛውን በሁለት እጅ ገፋ ሲያደርጉት የሚወዛወዝ ወይም የሚንቋቋ ከሆነ የዛሬው ትንሽ ድምፅ የነገው ትልቅ ዝንባሌ ነው። የጠርዙ ጎማ ደግሞ በጣት ሲጫኑት ሊመለስ ይገባዋል። ኳስ በርዝመቱ በኃይል ተመትታ ብዙ ጊዜ መመላለስ አለባት፤ በሁሉም ጠርዝ የምትሰጠው ድምፅ አንድ ዓይነት ካልሆነ ጎማው በአንዱ በኩል ለቋል ወይም ደርቋል። ለጨርቁ ሱፍ የበዛበት ጥብቅ ሽመና ይሻላል። ጨርቅ ሲያረጅ መለወጥ ይቻላል፤ ወለልን መለወጥ ግን ጠረጴዛውን እንደ አዲስ መግዛት ማለት ነው።

ክፍሉም አብሮ ይለካ። ሙሉ መጠን ያለው ባለ 9 ጫማ የፑል ጠረጴዛ የመጫወቻ ሜዳው 254 በ127 ሴንቲ ሜትር ነው። የመምቻ ዱላው 147 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም በአራቱም ወገን የዚያን ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ስለዚህ ክፍሉ ቢያንስ 5 ሜትር ከ50 ርዝመትና 4 ሜትር ከ20 ወርድ ሊኖረው ይገባል። ክፍሉ ከዚህ ከጠበበ አነስተኛውን ጠረጴዛ መምረጥ እንጂ ትልቁን ግድግዳ ላይ አጣብቆ መቸገር ተገቢ አይደለም። የክፍሉ ወለልም ከባዱን ሸክም የሚችል፣ የማይሰምጥ ይሁን።

የመጨረሻው ፈተና ቀላል ነው። ኳስን በዝግታ፣ ልትቆም እስክትደርስ ድረስ ማንከባለል። ፈጣን ኳስ የወለሉን ጉድለት ትዘለዋለች፤ ዘገምተኛዋ ግን አትደብቅም። ከመቆሟ በፊት ወደ አንድ ወገን ካዘነበለች ጠረጴዛው ገና አልተስተካከለም።

ብራንስዊክ ጋሪ ሲሠራ መንገዱ ይፈትነው ነበር፤ ጠረጴዛ ሲሠራ ደግሞ ያቺ ዘገምተኛ ኳስ ፈተነችው። በሁለቱም ሥራ የባለሙያው ድካም ያረፈው ገዢው በማያየው ቦታ ነበር፤ በጋሪው በመንኮራኩሩ መጋጠሚያ፣ በጠረጴዛው ከጨርቁ በታች። አረንጓዴው ጨርቅ በየጊዜው ይቀየራል፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይና ድንጋዩን የተሸከመው እንጨት ግን የሠሪያቸውን ስም ይዘው ይቆያሉ።